የአንጓች እጅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። የአያቴ አያት ገና የወተት ጥርሷን ሳታወልቅ፣ ጉልባ በሚባል አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ደምለው አራሽ ነበር። ድሆች ነበሩ፤ ግን ተዋደው ይኖሩ ነበር።

በዚያ ዘመን የጉልባ ማርያም ግድግዳ ተሠራ። ያለው እንጨት ሰጠ፣ ያለው በሬ ሰጠ። አንጓች የምትሰጠው አልነበራትም። ስለዚህ አንድ በጋ ሙሉ ከወንዝ ውኃ ቀዳች፣ ድንጋይ ተሸከመች፣ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቦካች። አንድ ቀን ድንጋይ ወድቆባት አውራ ጣቷ ተጣመመ። በእራፊ ጨርቅ አሰረችውና ሥራዋን ቀጠለች።

በአገሩ ልማድ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው ከቅዱሳን ሥዕል ግርጌ ይሳላል። ሽማግሎቹ መክረው አንጓችም ትሳል አሉ። ሰዓሊው አለቃ ተገኝ ከሩቅ የመጣ ነው። ሰው አይቶ አይስልም፤ እጁ የለመደውን ይስላል። ዐይኗን የፊቷን እኩሌታ አሳከለው፣ አንገቷን አስረዘመው፣ ጣቶቿን እንደ ጧፍ አቀጠናቸው። ከሥሩ ስሟን ጻፈ።

ደምለው በንግሡ ቀን ሥዕሉን አየና ፈዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማርያምን ልሳለም ብሎ ይሄዳል፣ ግርጌውን አይቶ ይመለሳል። ቤት ሲገባ አንጓችን ያያትና ይተክዛል።

አንጓች ነገሩ ገባት። ሌላው በጣውንት ይቀናል፤ እሷ በገዛ ስሟ ቀናች።

መጀመሪያ ተኳለች። ዐይኗ እስኪያብጥ ተኳለች። ደምለው አያትና፣ ያቺ ትበልጣለች አለ።

ቀጥሎ አንገቷ እንዲቀጥን በፍስኩ ጾመች። እንስራ እንዳዘለች መንገድ ላይ ወደቀች፤ እንስራው ተሰበረ። ደምለው ገሉን ለቀመላትና፣ ያቺ ትበልጣለች አለ። አትሳቁ፤ እኔም በጉብዝናዬ እንዲህ ያለ ሞኝ ነበርኩ።

በሦስተኛው የሥዕሉን ዐይን ልታጠፋ ከወንዝ ጭቃ ዘግና ሄደች። ደምለው እዚያው ቆሟል። እጇን አነሳች። ያን ጊዜ ግድግዳውን አወቀችው። የራሷ ጭቃ ነው፣ የራሷ ጭድ ነው። ዐይኑን ትታ፣ ከቀጭኑ እጅ አጠገብ ጭቃማ መዳፏን አተመች።

«ደምለው፣ ይቺ ከበለጠችብህ ውኃውን እሷ ትቅዳልህ» አለችው። «እኔ አባቴ ቤት ነኝ።»

ሄደች። ደምለው ብቻውን ቀረ። የታተመውን መዳፏን አየው። ሰፊ ነው፣ የተሰነጣጠቀ ነው፣ አውራ ጣቱ ጠማማ ነው። የሥዕሉን ጣት አየ። ቀጥ ያለ ነው።

«ይቺ ሴት ለዚህ ግድግዳ አንድ ድንጋይ አልተሸከመችም» አለና አለቀሰ።

ገበዙ ጭቃውን ሊፍቅ መጣ። በሌላው ግድግዳ ላይ ገና ይስል የነበረው ሰዓሊ ከለከለው። ከሠራሁት ሁሉ ሰው የሚመስለው ይሄ ያልሠራሁት ነው አለ ይባላል።

ደምለው ሽማግሌ ይዞ ሄደ፤ አንጓችም ታረቀች። የታረቀችው ግን ከባሏ ነው፣ ከሥዕሏ አይደለም። አርጅታ እንኳ በዚያ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጉልባ ሰው ሲሳል፣ ሰዓሊው ከጨረሰ በኋላ የተሳለው ሰው መዳፉን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ከጎኑ ያትማል። ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አባትም፣ አማላጁ የልጅቷን ዐይንና አንገት ማወደስ ሲጀምር ያቋርጠዋል።

«እሱን ለሰዓሊው ተውለት» ይለዋል። «እጇን ንገረኝ።»