ይርዳው የቆረጠው ሾላ

አንድ ጊዜ አንዲት ጉጉት ከገበሬው ከይርዳው ጓሮ፣ ሾላ ዛፍ ላይ ሦስት ጫጩቶቿን ታሳድግ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጎተራው ሥር አይጥ እየያዘች ትመግባቸዋለች። ቀበሮ ወደ ይርዳው ዶሮዎች ስታደባ ካየች ደግሞ ትጮኻለች፤ ውሻው ይነሳል፤ ቀበሮም ባዶ ሆዷን ትመለሳለች። ይህ ነገር ቀበሮን አንገበገባት።

አንድ ማለዳ ይርዳውን መንገድ ላይ ጠብቃ፣ «ጌታዬ፣ ባልናገር ደስ ባለኝ» አለችው አንገቷን ደፍታ። «ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ናቸው። ያቺ ሟርተኛ ጉጉት ግን በየምሽቱ ሞት ትጠራባቸዋለች።»

ይርዳው ክው አለ። ቤቱ ሮጦ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ሾላው ሲያመራ አህያው ከበረት ሆና ጮኸች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ጉጉቷ አይጥ ነው የምትይዝልህ! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ዝም በይ! አህያ ደግሞ ምን ታውቃለች?»

ሚስቱ አንጓችም፣ «ተው እንጂ፣ ወፏ ምን አደረገችህ?» ብላው ነበር። ማን ሊሰማ! ሾላው ተገንድሶ ሲወድቅ ጫጩቶቹ ከሥሩ ቀሩ። ጉጉቷ ከላይ ሦስቴ ዞረችና ወደ ዱር ሄደች።

አንጓች በሰላም ወለደች። ይርዳውም «አየሽ? እኔ ባልቆርጠው ኖሮ!» እያለ ጎረቤት ሁሉ ጋ ተኩራራ። ቀበሮ ግን ዶሮዎቹን በሳምንት ጨረሰቻቸው። አይጡስ ምን ከልካይ አለው? ሰኔ ገብቶ ይርዳው ለዘር ጎተራውን ሲከፍት ያገኘው ገለባና የአይጥ ኩስ ብቻ ነው። እጁን በአፉ ጫነ። ምን ሊዘራ ነው? የምታጠባ ሚስቱንስ ምን ሊያበላት ነው?

«ያቺ ጉጉት በኖረች!» አለ። አይ ይርዳው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዱር ለዱር ተንከራትቶ አገኛት።

«በድዬሻለሁ፤ ማሪኝ። ተመለሺ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።»

«የት ልመለስ?» አለችው። «ዛፉን ቆርጠኸዋል። ልጆቼንስ ማን ይመልስልኛል?»

ይርዳው እያለቀሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያው ክረምት ሌላ ሾላ ተከለ። ጉጉት ላይ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ባየ ቁጥር፣ «ተው ወንድሜ፣ እኔን ያየህ ተቀጣ!» ይላል። ሾላው አደገ፤ ይርዳውም አረጀ። ሲመሽ ደጁ ላይ ተቀምጦ የጉጉት ድምፅ ይጠብቃል፤ እስካሁን ግን አንዲትም አልመጣችም።

ከዚህ የምንማረው በወሬ ጠልተን ያጠፋነውን ፍጡር ጥቅም በኋላ ብናውቅም፣ ጸጸታችን መልሶ እንደማያመጣው ነው።