ስሙ ብቻ የተለወጠ ሙሾ

አንዲት አልቃሽ ነበረች። ስለ ፊልም ብጠይቀው ስለ ለቅሶ ጀመረ እንዳትለኝ ልጄ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ ታገሥ።

ይህች ሴት ሰው በሞተበት ቤት ሙሾ ታወርዳለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው። በፊት በፊት አንድ ልማድ ነበራት። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ቶሎ አፏን አትከፍትም። ከሟች ሚስት ወይም ከሟች እናት ጎን ቁጭ ትልና፣ «ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር?» ብላ ቀስ አድርጋ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ አንድ ድኻ ገበሬ ሞተ። ሚስቱን ብትጠይቃት፣ «እንግዲህ ምን እልሻለሁ፤ ከእርሻ ሲመለስ በሬዎቹን ሳያጠጣ እሱ ውኃ አይቀምስም ነበር» አለቻት። አልቃሿ ተነሣችና፦

በሬው ሳይጠጣ ውኃ የማይቀምሰው፣
በሬው ደጅ ቆሟል፤ የት ገባ ያ ሰው?

አለች። ሚስትየው ደረቷን ደቃች። ገበሬውን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ፣ ያን በሬ ያየው ይመስል፣ ቆሞ አለቀሰ።

ስሟ ወጣ። ቆይቶ አንድ ሀብታም ነጋዴ ሞተ። ቤተሰቡን ጠየቀችና ስሙን ጠርታ፦

የሀገር ዋርካ ነው ዛሬ የወደቀው፣
ጥላው ሥር ያደገ ማነው የማያውቀው?

ብላ አወረደችለት። ሰውየው በእውነት ዋርካ ነበር፤ ስንት ድኻ በጥላው አድሯል። ሙሾው ልኩ ነው። ነገር ግን ሙሾው ከሰውየው ጋር አልተቀበረም። ገበያተኛው ያዘው፣ ውኃ ቀጂው ያዘው።

በወሩ የአንድ ባለጸጋ እናት አረፈች። አልቃሿን በበቅሎ አስመጧት። እንደ ልማዷ ከልጅየው ጎን ቁጭ ብላ፣ «እናትህ ምን ትወድ ነበር?» አለችው።

«ኧረ ተይኝ እቴ፣ አሁን የወሬ ሰዓት ነው? ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ያን የዋርካውን አውርጂልን።»

«እሱ እኮ የነጋዴው ነው።»

«ስሙን ለውጪዋ! ማን ይከስሻል?»

ለወጠችው። ሰዉም ከበፊቱ ይልቅ አለቀሰ፤ የሚመጣውን ያውቀዋልና ገና ከአፏ ሳይወጣ ይቀበላት ነበር። ከዚያ ወዲያ በቀን ሁለት ለቅሶ ቤት ትደርስ ጀመር። ሁሉም የሚለው «የዋርካውን» ነው። መጠየቁን ተወችው፤ ጊዜውስ የት አለ? ድምፅዋ አልደከመም፤ እንዲያውም ጠራ።

አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት። እናታቸው አልቃሿ ሕፃን ሳለች ስለ ሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት። አጭር፣ ዝም ያለች፣ ከጓሮዋ ርቃ የማታውቅ ሴት። አልቃሿ ከለቅሶ ለቅሶ ስትዞር፣ «ለመስቀል እመጣለሁ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» ስትል ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በቅሎ ስቦ የመጣው መልእክተኛ ያረዳት የእህቷን ሞት ሆነ።

ስትደርስ ግቢው ጢም ብሏል። ያ ሁሉ ሰው ለእህቲቱ ብሎ አይደለም፤ ለገዛ እህቷ ምን ትል ይሆን ብሎ ነው እንጂ። ነጠላዋን አገልድማ መኻል ገባች። የእህቷን ስም ጠራች። ከአፏ የወጣው ግን፣ «የሀገር ዋርካ ነው…» ሆነ።

ሰዉ ተቀበላት። ደረቱን እየመታ የቀረውን ጨረሰላት። እሷ ደንግጣ ቆመች። እህቷ ዋርካ አልነበረችም። ሌላ ቃል ፈለገች፤ የመጣላት ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ምን ትወድ ነበር? ያሳደገቻት እህቷ ምን እንደምትወድ አታውቅም። ጩኸቱ ሰማይ ነክቷል፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ እህቷን የሚያለቅስ አንድ ሰው አልነበረም።

ወደ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ዞራ፣ «እማማ፣ እህቴ ምን ትወድ ነበር?» አለቻት።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ?» አለች አሮጊቷ። «በዓል በመጣ ቁጥር ተልባ ትወቅጥልሽ ነበር። ‹እህቴ ስትጮኽ ነው የምትውል፤ ጉሮሮዋ ይደርቃል› ትላለች። ስትቀሪባት ጊዜ እኛን ታጠጣናለች። ያሁኑም እዚያ ጓዳ ነው፤ ክዳኑም አልተነሣ» አለቻት።

አልቃሿ ያገለደመችውን ነጠላ ፈታች። ከመኻል ወጥታ ከመሬት ተቀመጠች። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ሙሾ አልወረደም።

እንግዲህ ልጄ፣ አብረኸው የምትሠራው ያ ስመ ጥር ፊልም ሠሪ ጥበቡን ለገንዘብ ሸጦታል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንተ ደርቀህ እንደ ወጣህም ነገርከኝ። እኔ ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ስለ ፊልምም አላውቅም። የመጀመሪያ ፊልሙን ግን አሳይተኸኛል፤ ያ ዘበኛ፣ ለልጁ ሠርግ የተዋሰውን ኮት አጣጥፎ ሲመልስ። አለቀስኩ። ያን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠይቆት ነው የሠራው። ገንዘብ መቀበሉን አልነቅፍም፤ አልቃሿም ከገበሬው ቤት እህል ተቀብላለች። መጠየቁን ነው የተወው። በእሱ ብቻ አትፍረድ፤ «የዋርካውን» እያልን ያስለመድነው እኛ ነን። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ አንድ ቀን የገዛ ራሱ ኀዘን ይመጣበታል፤ ያን ቀን አፉ ላይ የሚያገኘው የሌላ ሰው ሙሾ ነው።

ዛሬ በጸሎት አስበዋለሁ። የክርስትና ስሙ ማነው?

አታውቀውም? ይህን ያህል ዓመት አብረኸው ኖረህ?

እንግዲያ ተነሥና ሂድ፤ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ጠይቀው።