የወንድሟን ቃል የቀማችው አስካል

ኑ ተሰብሰቡ፤ ተረት የሚወድ ጆሮውን ይስጠኝ፣ የማይወድ ደግሞ ዝም ብሎ ይተኛ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ሲያወሩ፣ እንደ ሰውም ሲቀናኑ፣ አንዲት እናት ሽኮኮ ከሁለት ልጆቿ ጋር ገደል ላይ ትኖር ነበር። ሴቷ አስካል ትባላለች፤ ምላሷ የተፈታ፣ አውርታ የማትጠግብ። ወንድሟን ይርዳውን ግን ቃል እሺ አይለውም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፤ ሊናገር ሲል ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል። «ቅ... ቅ...» ሲል እናቱ ሥራዋን ትታ ፊቱ ቁጭ ትላለች። «ቅጠል» እስኪል ትጠብቀዋለች። ሲል ደግሞ «ጎሽ የኔ ጌታ» ብላ ትስመዋለች።

አስካል ይህን ስታይ አንጀቷ ይቃጠላል። እሷ ቀኑን ሙሉ ብታወራ የምትባለው «ኧረ ዝም በይ፣ ጆሮዬን በላሽው» ነው። ለአንዲት ቅጠል ይሄ ሁሉ መሳም ምንድን ነው?

ይባስ ብሎ ይርዳው ጓደኛ አገኘ። የሽኮኮ ልጆች «ይሄ ደግሞ መቼ ተናግሮ ሊጨርስ ነው» ብለው ጥለውት ሲሮጡ፣ ኤሊ መሮጡንም አይችልበት፣ አጠገቡ ቁጭ አለ። ይርዳው አንድ ቃል እስኪያወጣ ኤሊ አንድ ቅጠል አኝኮ ይጨርሳል። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። አስካል ከድንጋይ ጀርባ ሆና ታያቸዋለች። እሷን እንዲህ ተቀምጦ የሰማት ማንም የለም።

ታዲያ የይርዳው አስተርጓሚ እሷ ነበረች። «ምን አለ?» ይሏታል፤ ትነግራቸዋለች፤ ያምኗታል።

አንድ ቀን ኤሊ «ይርዳው፣ ወንዝ እንውረድ?» አለው።

«እ... እ...»

«እግሬን አሞኛል ነው የሚለው» አለች አስካል። ኤሊ ብቻውን ወረደ።

በማግስቱ መጣ። «ዛሬስ ተሻለህ?»

«እ... እ...»

«ካንተ ጋር መሄድ ሰልችቶኛል ነው የሚለው።»

ኤሊ አፈረና አንገቱን ቅርፊቱ ውስጥ ከተተ። ይርዳው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፣ በእግሩም መሬት መታ፤ ግን ማን አየው?

በሦስተኛው ቀን ኤሊ ሊሰናበት መጣ። «ሌላ ገደል ልሄድ ነው። ከጠላኸኝ ራስህ ንገረኝ።»

«ሂድልኝ ነው የ...» ብላ ጀመረች አስካል።

«አንቺን አልጠየቅኩም» አለ ኤሊ። «እጠብቀዋለሁ።»

ጠበቀ። ፀሐይ ከአናታቸው ወደ ወንዙ አዘነበለች። ይርዳውን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ «አ... አት... አትሂድ» አለ።

«እሺ» አለ ኤሊ።

ከዚያ ወደ አስካል ዞረ። ሊሰድበኝ ነው ብላ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አንቺስ አስካል፣ ምንድን ነው ልትነግሪን የፈለግሽው?»

ያቺ አፈ ጮሌ አፏን ከፈተች። «እ...» አለች። ይርዳው ምን ልትል እንደሆነ ገብቶታል፤ ግን አልቀደማትም። እሱም መጥቶ ፊቷ ቁጭ አለ።

«ቀ... ቀንቼ ነው» አለች፤ አለቀሰችም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። እናንተ ግን ልጆቼ፣ ቃል እሺ የማይለውን ልጅ ስታገኙ አትናገሩለት፣ ጠብቁት። የሚለፈልፈውንም ጠብቁት፤ ዋናውን ገና አልተናገረም።