ማሽኑ ዝም ያለበት ቀን

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከእውነትም እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ይህ አትሮንስ ይመስክርብኝ። እዚያው ነበርኩ፤ ነጠላዋን ይዤላት የቆምኩት እኔ ነኝ።

አንዲት ሴት ነበረች፣ ልብስ ሰፊ። ሳምንቱን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አትነሣም። እሑድ ስትጸልይ ግን ድምፅዋ ይለወጣል። የማታውቀውን ሰው በስሙ ትጠራለች፣ ለማንም ያልነገረውን ኀዘኑን ትነግረዋለች። አፉ የእሷ፣ ቃሉ የሌላ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ "መንፈስ ቅዱስ ነው" አሉ። ግማሾቹ ደግሞ "የሚጥል በሽታ ቢሆንስ? ሐኪም ሳያያት ማይክ እንዳትይዝ" አሉ። ማይኩን ከእጇ ወሰዱት።

አላለቀሰችም። ግን ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር "ያን ሁሉ ዘመን ሲናገር የኖረው በሽታዬ ነው እንዴ?" ትል ነበር። ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ታውቃላችሁ?

ሐኪም ቤት ሄድን። የአንጎልን ሞገድ በመስመር የሚስል ማሽን አለ። ራሷ ላይ መቶ ሽቦ ለጠፉ፤ መቶ ስላችሁ ቀንሼላችሁ ነው። ሰባት ፕሮፌሰሮች ከበቧት። "በቃልሽ የምታውቂውን መዝሙር በይ" አሏት። አለች። መስመሩ ዘለለ፣ ከወረቀቱ ሊወጣ ደረሰ። "አሁን ልቀቂው፣ ይምጣ" አሏት።

መጣ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። አፏ እንደ ጅረት ይናገራል፤ መስመሩ ግን፣ ወገኖቼ፣ መስመሩ ተኛ። ነፋስ እንዳልነካው ጫሞ ሐይቅ ዝርግ አለ። ትልቁ ፕሮፌሰር ጫማውን አወለቀ። "ሾፌሩ ወርዷል፣ መኪናው ግን ይሄዳል" አለ። "መሪውን ማን እንደያዘው ማሽኔ አያውቅም።"

ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ማይኩ ተመለሰላት።

እናንተስ? የሾፌሩን ወንበር ለጌታ የለቀቃችሁት መቼ ነው? ራሳችሁ ጠይቃችሁ፣ ራሳችሁ መልሳችሁ፣ ራሳችሁ አሜን ብላችሁ አይደለም እንዴ የምትወጡት? ማሽን እንኳ ዝም ያለለትን፣ እናንተ መቼ ነው ዝም የምትሉለት?

ስብከቴን እዚህ ላይ ሳደርስ ሦስተኛው ወንበር ላይ እጅ ተነሣ። እህት ዘነበች ነበረች፤ ባለታሪኳ ራሷ።

"ማይኩን ስጧት" አልኩ፤ "ታሪኩን ታጽናልኝ።"

"መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች፣ ቀስ ብላ። "ሽቦው ሃያ ነበር። ሐኪሙም አንድ ነው፣ ጫማውንም አላወለቀ። እርስዎ ውጪ ስልክ ያወሩ ነበር፤ ነጠላዬም ጉልበቴ ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለመንኩ፣ ምንም አልመጣም። ሐኪሙ 'አንጎልዎ ጤነኛ ነው፤ ያልመጣውን ግን ማሽኑ እንዴት ይለካዋል?' አለኝ። ማይኩ በምን እንደተመለሰልኝ ዛሬ ገና ሰማሁ።"

ጉባኤው ወደ እኔ ዞረ። እኔ መጽሐፌን አገላበጥኩ።

"ግን የምለምነው ድምፅ በጠፋብኝ ሰዓት" አለች፣ "በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ቃል የለውም። ስናገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። እሱ ደግሞ ማይክ አይፈልግም።"

ማይኩን እንደበራ አግዳሚው ላይ አኖረችና ተቀመጠች። ከድምፅ ማጉያው የጉባኤው እስትንፋስ ብቻ ይሰማ ጀመር።