ዝንጀሮ የመረጠው ድንጋይ

ይህን ተረት በጨዋ ሰው ፊት ማውራት ነውር ነውና አስቀድሞ ይቅርታ ይጠየቃል። የሚከፋው ጆሮውን ይያዝ፤ የማይከፋው ቀረብ ይበል።

በድሮ ዘመን፣ ግን ላስቲክ ከመጣ በኋላ፣ ባሕር ለወንዝ ዳር እንስሳት በውኃ ወፍ አፍ መልእክት ላከ። "ሆዴ በላስቲክ ተነፋ። ይህን የሚልክብኝ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪለኝ ድረስ ደመና አልሰድም።"

የአገሩ ደንብ ነው፤ በዳይ ድንጋይ ይሸከማል፣ ተበዳይ "አውርድ" ካላለው አያወርድም።

አለቃው ዝንጀሮ ጅብን በአገጩ እየጠቆመ፣ "ጥፋተኛው ይታወቃል" አለ። ድንጋዩንም ራሱ መረጠ። ትንሽ ሲያመጡለት፣ "ይሄ ለአያ ጅቦ ጌጥ ነው!" ብሎ መለሰው። የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ሲያመጡለት ደስ አለው።

ኤሊ ግን፣ "ጌታው፣ ከመፍረዳችን በፊት እንየው" ብላ በጭቃ ትንሽ ወንዝ ሠራች። እንደ ወንዙ ጠመዘዘችው፣ ፏፏቴም አወጣችለት፣ ውኃም ለቀቀችበት፤ ከግርጌው ገል አስቀምጣ "ይህ ባሕር ነው፣ ገለባው ደግሞ ላስቲክ ነው" አለች።

ከጅብ ደጅ ገለባ ጣለች፤ ሥር ጠልፎ አስቀረው። "ድገሚው!" አለ ዝንጀሮ።

ከጉማሬ ደጅ ጣለች፤ ጭቃ ዋጠው። "ድገሚው!"

ዝንጀሮ የመንገደኛ የላስቲክ ጠርሙስ እየላሰ ከሚወረውርበት ገደል ጣለች፤ ገለባው ፏፏቴውን ወርዶ፣ ሳይንገዳገድ ባሕር ገባ።

ሁሉም ወደ ዝንጀሮ ዞረ።

"ባሕሩ ያለቦታው ነው የተቀመጠው!" አለ ዝንጀሮ። "ወደ ላይ አንሱት!"

አነሱት።

"እኔ ዳገት አልወጣም፣ ጌታዬ" አለ ውኃው።

"አለቃ ቢያዝህም?"

"አለቃ ቢያዘኝም።"

ጅብ በትሕትና ጎንበስ አለ። "ጌታው፣ ድንጋዩን ላሸክምዎ?"

የዝንጀሮ ፊት መቀመጫውን መሰለ። ተሸከመና መንገድ ጀመረ። ድንጋዩ ትከሻውን ሲልጠው፣ ማንም በማያየው ቦታ ወድቆ ያገኘውን ፌስታል ጠቀለለበት። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ግን አፈረ። "ፌስታል ይዤ ስለ ፌስታል ይቅርታ ልበል?" አለ። ፈታውና ወደ ኋላው ቢያይ ማንም የለም፤ ወንዙ ውስጥ ጣለው።

ከባሕር ፊት ሦስት ጊዜ ተንበረከከ። "ማረኝ፣ ማረኝ፣ ማረኝ!"

ባሕር አንጀቱ ራራ። "አውርድ" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ፌስታሉ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ።

እስከ ዛሬ ያስለዋል። ዝንጀሮም ድንጋዩን እንደተሸከመ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ደመናውም ይጠብቃል። ለሌላው ድንጋይ የሚመርጥ በገዛ ትከሻው ይለካው።

አደራ፣ ይህን ማንም ለማንም እንዳይደግመው። ዝንጀሮ ዘመደ ብዙ ነው፤ እዚህም ቢሆን ፌስታሉን ከጀርባው የደበቀ አድማጭ ይታያል።