አልፈተግም ያለችው የመዳብ ሳህን

ተረቴ መጥታ ደጅ ቆማለች። ትግባ ወይስ ትመለስ?

«ትግባ!» በሉ እንጂ! ምነው፣ ቆሎ ጎርሳችኋል እንዴ? እህ፣ እንደሱ ነው። እንግዲህ ገብታለችና ዝም ብላችሁ ስሙ። መሃል ላይ «ሳህን ደግሞ ያወራል ወይ?» የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ። በዚያን ጊዜ ሳህን ያወራ ነበር። ዛሬ ዝም ያለው እኛ ወሬ ስላበዛንበት ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ጓንጉል የሚባል አንጥረኛ ነበረ። ሚስቱ ደብሪቱ ትባላለች። ጓንጉል ቀን ሙሉ ወናፉን እየነፋ ቀለበት ያነጥራል፣ ማጭድ ይጠግናል፣ ለበቅሎ አንገት የሚንጠለጠል ቃጭል ይሠራል። ደብሪቱ ደግሞ አንዲት የመዳብ ሳህን አለቻት። እናቷ ሊሞቱ ሲሉ ጠርተዋት «ልጄ፣ ይቺ ሳህን ከእናቴ እናት የመጣች ናት። አደራ፣ እንዳትጠፋብሽ» ብለው የሰጧት ናት።

ደብሪቱ አደራ አክባሪ ናት። በየቅዳሜው ሳህኗን ከግድግዳው ታወርድና በሎሚና በደቃቅ አሸዋ ትፈትጋታለች። ፍትግ! ፍትግ! ፍትግ! ጎረቤት ሲመጣ «ውይ ደብሪቱ፣ ይሄ ወርቅ አይደለም እንዴ?» ይላታል። ደብሪቱ ደስ ይላታል። ቅዳሜ ሲመጣ እንደገና ትፈትጋለች።

ከደብሪቱ ይበልጥ ደስ የሚላት ግን እመት ሎሚት ነበረች። እመት ሎሚት በደጃፉ የቆመች የሎሚ ዛፍ ናት፤ ኩራቷ አይጣል ነው።

«እኔ ባልኖር ይቺ ሳህን ምን ነበረች?» ትላለች ቅርንጫፏን እየነቀነቀች። «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው በከንቱ መሰላችሁ?»

ሳህኒቱስ? ሳህኒቱ መዳቢት ትባላለች። መዳቢት በየቅዳሜው ሳሳች፣ ሳሳች፣ ሳሳችና የኮባ ቅጠል አከለች። ማንም ግን ልብ አላለም፤ ስታብረቀርቅ ብቻ ያዩዋታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጓንጉል ሳህኗን አነሳና ወደ ፀሐይ አድርጎ ያዛት። ብርሃኑ በሦስት ቦታ፣ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚወጣ፣ ብልጭ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ ሳህንሽ አልቆላታል» አለ።

«ምን አልክ?»

«አልቆላታል አልኩ! እፍኝ ቆሎ ቢያስቀምጡባት ትጎብጣለች። ሐሙስ ከሰል ይመጣልኛል፤ አቅልጬ ለበቅሏችን ቃጭል አደርጋታለሁ።»

«የእናቴን አደራ? ለበቅሎ አንገት?»

«ምን አለበት? በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር እናትሽን ታስታውሻለሽ።»

ደብሪቱ ማማሰያ ወረወረች። ጓንጉል የለመደ ነውና ጎንበስ ብሎ አሳለፋት። ነገሩ ግን የእውነት ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ደብሪቱ ጓዳ ገብታ «እንዲህ እየተንከባከብኳት እንዴት ታልቃለች?» እያለች አለቀሰች።

መዳቢት ይህን ሁሉ ከግድግዳው ላይ ሆና ሰማች። ፈራች፤ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ በጣም ፈራች። «ሦስት ቀን ቀረኝ» አለች።

እመት ሎሚት ከደጅ ሰማቻት። «አይዞሽ የኔ እህት፤ ከቀለጡ አይቀር አምሮ መቅለጥ ነው። ነይ ልፈትግሽ?»

«ቆይ እስኪ» አለች መዳቢት። ከዚያ ማሰብ ጀመረች። «እኔን የጨረሰኝ መፈተግ ነው። የምፈተገው ደግሞ ራቁቴን ስለሆንኩ ነው። የራሴ ልብስ ቢኖረኝ ኖሮ አሸዋው ልብሴን እንጂ እኔን አይነካኝም ነበር። ልብስ መፈለግ አለብኝ።»

ጓንጉል ምሳ ሊበላ ሲገባ መዳቢት ከግድግዳው ወረደች። ክብ ናትና ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ተንከባልላ ምድጃው ዘንድ ደረሰች። በምድጃው ውስጥ አንድ ትንሽ ፍም ነበረ።

«አያ ፍም፣ እንደምን ዋልክ?»

«ደህና» አለ ፍም፣ ምራቁን እየዋጠ። «ሐሙስ እንገናኛለን አይደል?»

«ሐሙስማ ትበላኛለህ። ዛሬ ግን ቅመሰኝ።»

ፍም ደነገጠ። ሰው ሁሉ ሲሸሸው እንጂ «ቅመሰኝ» ሲለው ሰምቶ አያውቅም። ደስ አለውና ፈካ።

«እሺ፣ ጠርዝሽን ብቻ ልሼ እተውሻለሁ። ነገር ግን እንዳትደነግጪ፣ እንዳትሸሺ፣ እንዳትፈተጊ!»

ላሳት። መዳቢት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በዙሪያዋ መጀመሪያ ቀይ መጣ፤ ቀዩ ቆይቶ ወይን ጠጅ ሆነ። ጠርዟ እንደ ጥሩ ነጠላ ጥለት አማረ።

ተንከባልላ ስትመለስ እመት ሎሚት አየቻትና ጮኸች። «እሪ! ተቃጥለሻል! ቆሽሸሻል! ነይ ልፈትግሽ!»

«ቆይ እስኪ» አለች መዳቢት።

ማክሰኞ ደብሪቱ ገበያ ወጣች። መዳቢት ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ጓዳ ገባች። አሞሌ ጨው ከመደብ ላይ ተጋድሟል። ከጎኑ የጠላ አተላ በእንስራ ተቀምጧል፤ ሰንብቶ ኮምጥጦ ማንንም አያናግርም።

«አያ አሞሌ» አለች መዳቢት።

«ምንድነው? አንቺም ጣፍጥ ልትዪኝ ነው?» አለ አሞሌ ተቆጥቶ። «አንዱ ይመጣና ‹ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል› ይለኛል። ሌላው ይመጣና ያንኑ ይደግመዋል። ሰለቸኝ!»

«እኔ ጣፍጥ አልልህም። አልብሰኝ ነው የምልህ።»

አሞሌ ሳቀ። «ብቻዬን አልችልም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ኮምጣጣ ጓደኛ ይፈልጋል። አንተ አተላ፣ ሰማህ?»

አተላም ከእንስራው ውስጥ «እኔን ከላም በቀር የፈለገኝ የለም» አለ። «ካላፈራችሁብኝ እመጣለሁ።»

አሞሌ ከጎኑ ፈርፈር አለ፣ አተላ በላዩ ፈሰሰበት፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በመዳቢት ሆድ ላይ ተለቀለቁ። «በይ አሁን ነፋስ ያግኝሽ» አሏት። «እንዳትደነግጪ፣ እንዳትሸሺ፣ እንዳትፈተጊ!»

መዳቢት ከመደቡ ኋላ ነፋስ በሚያልፍበት ተጋደመች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ምንም የለም። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አሁንም ምንም የለም። «ልነሳ ይሆን?» አለች። አተላ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ተኚ!» ብሎ ተቆጣት። ተኛች። ረቡዕ ጠዋት ስትነቃ ሆዷ አረንጓዴ ሆኗል። የመስከረምን መስክ ታውቁ የለ? እንደዚያ።

«እሪ! ሻግተሻል! ቆሽሸሻል! ነይ ልፈትግሽ!» አለች እመት ሎሚት።

«ቆይ እስኪ!»

እንግዲህ መሃሏ ብቻ ቀረ። መዳቢት ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ በረት ገባች። አህያዋ ቆማ ጭድ ታኝካለች።

«እመት አህዪት፣ ልብስ ልለምንሽ መጣሁ።»

አህዪት ማኘኳን አቆመች። «እኔን? ‹ለአህያ ማር አይጥማትም› ከሚሉኝ ሰዎች ቤት ወጥተሽ እኔን ትለምኛለሽ? ያለኝ ጭድ ብቻ ነው። እሱም፣ ይቅርታሽን፣ ረጥቧል።»

«የረጠበውን ነው የምፈልገው።»

ሳቁ፣ ሳቁ! አህዪትም እንደናንተ ሳቀች፤ ሀሃ ሳይሆን «ሂንሃ!» ብላ። ከዚያ ግን የጨዋ ሥራ ሠራች። የረጠበውን ጭድ በእግሯ ሰበሰበች፣ በላዩ ሦስት ድንጋይ ደረደረች። መዳቢት ከድንጋዮቹ ላይ ተጋደመች፤ ጭዱ አይነካትም፣ የሚነካት እንፋሎቱ ብቻ ነው። አህዪት አሮጌ ገበታ በጥርሷ ጎትታ ደፋችባት።

«እንዳትደነግጪ፣ እንዳትሸሺ፣ እንዳትፈተጊ!» አለቻት። «አፍንጫ ካለሽ ደግሞ ያዢው።»

ሽታው፣ ወየው! ዓይን ያስለቅሳል። መዳቢት ቻለችው። ውላ አደረች።

ሐሙስ ነጋ። ከሰሉ መጣ። ጓንጉል ወናፉን ይነፋል፤ እፉፉ! እፉፉ! ደብሪቱ ሳህኗን ብትፈልግ ከግድግዳው ላይ የለችም። ጓዳ የለችም፣ ደጅ የለችም። በረት ገብታ ገበታውን ብታነሳ ምን ታይ!

«ወይኔ እናቴ! ጉዴ ፈላ!»

ጠርዟ ወይን ጠጅ፣ ሆዷ አረንጓዴ፣ መሃሏ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ደብሪቱ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። «ጓንጉል እንዲህ ሆና ካያት አንድ ደቂቃም አያቆያት! ቶሎ ላብራት» ብላ ሮጠች። አሸዋ ዘገነች፣ ሁለት ሎሚ ቀነጠሰች።

«አላልኩም? አላልኩም?» አለች እመት ሎሚት። «መጨረሻው ወደኔ ነው!»

ደብሪቱ ሎሚውን ጨመቀች። አሸዋውን አነሳች። እጇ ሊወርድ ሲል፦

«እመቤቴ ደብሪቱ፣ ስለ እናትሽ! አትፈትጊኝ!»

ሎሚው ከደብሪቱ እጅ ወደቀ። «አንቺ... ትናገሪያለሽ እንዴ?»

«ስትፈትጊኝ መቼ ፋታ ሰጥተሽኝ!»

«የምፈትግሽ እኮ ስለምወድሽ ነው። የእናቴ አደራ ነሽ።»

«እንደምትወጂኝ አውቃለሁ» አለች መዳቢት። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየቅዳሜው ያጠብሽኝበትን ውሃ የት ትደፊያለሽ?»

«ከቤቱ ጀርባ፣ ድንጋዮቹ ላይ።»

«ሂጂና እያቸው።»

ደብሪቱ ሄደች። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ሣር መስሏት ዳሰሰቻቸው፤ ሣር አይደለም። በጥፍሯ ፋቀቻቸው፤ መዳቢት ሆድ ላይ ያለው አረንጓዴ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስትደፋ አንድ ቀን ጎንበስ ብላ አላየችውም።

«ያ እኔ ነኝ» አለች መዳቢት። «ቅዳሜዎቼ በሙሉ እዚያ ነው ያሉት። እናትሽ ‹አብሪያት› አላሉሽም። ‹እንዳትጠፋብሽ› ነው ያሉሽ።»

ደብሪቱ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «በገዛ እጄ» አለች። «በገዛ እጄ!» ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ጓንጉል ጉጠቱን ይዞ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሳህኗን አምጪ፤ ከሰሉ ተያይዟል!» ብሎ ሳይጨርስ ሳህኗን አየና ቆመ። «ምን ቀባሻት?»

«ምንም አልቀባኋትም።»

ጓንጉል በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረጋት። አልለቀቀም። አሸተታት፤ «እፍ!» ብሎ አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ እንደ ሰኞው ወደ ፀሐይ አነሳት። አዙሮ፣ አገላብጦ አያት። ብርሃን የለም። ሦስቱንም ቀዳዳ አረንጓዴው ቅርፊት ደፍኗቸዋል።

ጓንጉል ጉጠቱን መሬት አስቀመጠ። «ይሄ ቅብ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ከራሷ የወጣ ልብስ ነው። ሠላሳ ዓመት መዳብ ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ምን መልበስ እንደምትወድ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

«የበቅሎዋ ቃጭልስ?» አለች ደብሪቱ፣ ገና እንባዋን እየጠረገች።

«በቅሎዋ ያለ ቃጭል ትሂድ፤ ድሮም ጩኸት አትወድም።»

ደብሪቱ ዘላ እልል አለች። ፍም ከምድጃው ሆኖ «ቅመሰኝ ብላ ሸወደችኝ!» ብሎ አኮረፈ። ወዲያው ግን ጓንጉል ሳህኗን ለብ ሊያደርግበት ፈልጎ ሲጠራው ኩርፊያውን ረሳው። ሳህኗ ለብ ስትል ጓንጉል ለጌጥ ቅርጽ ማውጫ ያስቀመጠውን ሰም አምጥቶ በስሱ ቀባት፤ ልብሷ እንዳይረግፍ፣ የአህዪትም ሽታ እንዳይወጣ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲያያት በደጃፉ ላይ ሰቀላት።

መንደሩ ጉድ አለ! ሴቱ ሁሉ ሳህኑን ተሸክሞ መጣ። «ለኔም እንደሷ!» «የኔ ሰማያዊው ይብዛልኝ!» ተባለ። አህዪት በረት ደጃፍ ላይ ሰልፍ ተያዘ፤ «እመት አህዪት፣ እንደምን አደርሽ» የማይላት ጠፋ። እሷም ጭዷን ለፈለገችው ብቻ ትሰጥ ነበር አሉ። እመት ሎሚት ሁለት ሳምንት አኩርፋ ሰነበተች። በሦስተኛው ጓንጉልን ሳል ያዘው፤ በማር ተጨምቃ አዳነችው። «እንግዲህ እኔ የምፈትገው ጉሮሮ ነው» እያለች እንደ ልማዷ ኮራች።

ደብሪቱስ? የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመጣ እጇ በላት። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። በመጨረሻ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀለላት።

ዓመታት አለፉና ደብሪቱ አረጀች። ልጇን አስካለን ጠርታ ሳህኗን በእጇ ሰጠቻት። «ይቺ ሳህን የእናቴ ናት። አደራ» አለቻት።

«እሺ እማዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ላድርግላት?»

«አቧራዋን እፍ በይላት። ከዚያ ተያት።»

ተረቴ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው፤ እስከ በሩ ሸኙልኝ። ስትሄድ ይቺን ትታላችሁ ትሄዳለች፦ የሚወድ እጅም ቢሆን፣ መተው ካላወቀ ይጨርሳል።