ግቢውን ለሁለት የከፈለው በያጅ

አንድ በያጅ ነበረ። ዕድሜውን ሁሉ ለሌላ ሰው በር ሲሠራ የኖረ፣ የራሱ በር ግን ያልነበረው ሰው ነው።

መምህር ይባቤ ይህን የነገሩት ለትርንጎ ነው። ትርንጎ በቅርቡ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታ ሁለት ሴቶች ቀጥራለች። ያን ቀን መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «መምህር፣ ምንም ሳይኖረኝ እስቅ ነበር። አሁን የራሴ ነገር ሲኖረኝ ሰው ሁሉ የሚያስፈራኝ ለምንድን ነው? የያዝኩት እንዳያመልጠኝ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህሩም የበያጁን ታሪክ እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

በያጁና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ የኖሩት በኪራይ ነው፤ ልጃቸውን ወልደው ለወግ ያበቁትም በሰው ቤት ነው። ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከሰፈር ሰፈር ሲዞሩ የአከራይን ጠባይ ሁሉ አዩ። አንዷ መብራት አብርተው ሲያመሹ ትቆጣለች። አንዱ እንግዳ በመጣ ቁጥር መስኮት ላይ ይቆማል። አንዱ ደግሞ ደግ ሰው ነበር፤ ቤቱ ግን ክረምት ክረምት ከወለሉ ውሃ ያመነጫል። በያጁ ማታ ማታ ሚስቱን «አንድ ቀን እኮ…» ይላትና ሳይጨርሰው ይተኛል። የቀረውን እሷ ታውቀዋለች።

ዓመታት ሲያልፉ የብየዳው እሳት ዓይኑን ይጎዳው ጀመር። ጠዋት ሲነሳ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። ዓይኑ ከደከመ እጁም ሥራ እንደሚፈታ ገባው። ከሚስቱ ጋር ተማከሩ። እሷ ዕቁብ ትጥል ነበር፤ እሱም ከሥራው የተረፈችውን ያስቀምጥ ነበር። ያንን አንድ ላይ አድርገው ደላላ ያዙ።

ደላላው መጀመሪያ ያሳያቸው ሰፊ ሳሎን ያለው፣ ከፊቱ ያማረ ቤት ነው። በያጁ ወደደው። ሚስቱ ግን ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «ይህን የሚከራይ አንድ ሰው ነው። እሱ የለቀቀ ወር እኛ ምን እንበላለን?» አለች። ከዚያ ወደ ከተማው ዳር ወስዶ ሌላ አሳያቸው። ትንሽ ቤት ናት፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት በር አላት። በመካከል አንድ ግድግዳ፣ በዚህም በዚያም ሁለት ሁለት ክፍል። ከፊቷ ጠባብ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የኮክ ዛፍ አለ። ሚስቱ ገና ሳትገባ «ይቺ ናት» አለች። እነሱ በያጁ ከሚሠራበት ብየዳ ቤት ጀርባ በተከራዩዋት ክፍል እየኖሩ ሁለቱንም በር ሊያከራዩ፣ ሲያረጁም በኪራዩ ሊጦሩ ተስማሙና ገዟት።

ቁልፉን የተረከበ ቀን በያጁ አንዱን በር ከፍቶ ገባ፤ ወጣ፤ ሌላውን ከፍቶ ገባ። ግድግዳውን በመዳፉ ደበስ ደበስ አደረገ። ሚስቱ ከኮኩ ሥር ተቀምጣ ታየዋለች።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችው።

«ምንም አልጠፋኝም። እያየሁት ነው» አላት። ሁለቱም ሳቁ።

ተከራይም አልጠፋም። በአንዱ በር ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ከነሚስቱ ገባ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። በሌላው በር ቆሎ እየቆሉ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ገቡ። ደህና ሰዎች ናቸው። ችግሩ የመጣው ከነሱ አልነበረም።

ቤቱ እጁ ከገባ በኋላ በያጁን ከዚህ በፊት የማያውቀው ፍርሃት ያዘው። ግድግዳው ላይ ሚስማር ቢመቱስ? ቧንቧውን ክፍት ትተው ቢሄዱስ? ከሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ሆነ። በሄደ ቁጥርም አንድ ትእዛዝ ጥሎ ይመለሳል። ሚስማር አይመታም። ከመሸ በር አይከፈትም። እንግዳ አይበዛም፤ በግቢው ድግስ አይደገስም። እነዚያን ትእዛዞች ከየት እንዳመጣቸው ልብ አላለም። ሁሉም የድሮ አከራዮቹ ትእዛዞች ነበሩ።

እንደሱ ቤት የሚያከራይ አንድ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረለት። «ተከራዮችህ በጣም ተዋደዋል። አንድ ገበታ ነው የሚበሉት» አለው።

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ነገ ኪራይ ልጨምር ስትል በአንድ አፍ እምቢ ይሉሃል። ሳይጠነክሩ ለያያቸው።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳው። ላሜራ ገዝቶ፣ ብረት ቆርጦ፣ ግቢውን ከበረንዳው እስከ ውጭው አጥር ድረስ ለሁለት ከፈለው። እጁ የተመሰከረለት ነውና ሥራው ያምራል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ቀዳዳ የለውም። ለወጣቱ ቤት በመንገዱ በኩል ሌላ መውጫ አበጀለት። ቧንቧው ግን በአሮጊቷ በኩል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ነፍሰ ጡር ውሃ ስትፈልግ ጀሪካኗን ይዛ ወደ መንገድ ትወጣና ዞራ በአሮጊቷ በር ትገባለች። አሮጊቷ ይህን ሲያዩ በርጩማ ላይ ቆመው ውሃውን በላሜራው አናት ሊያቀብሏት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ባል ካለ ባል ይቀዳል። ከሌለ መዞር ነው።

አሁን በያጁ ሲመጣ ግቢው ጸጥ ይላል። ሰላምታ አይነፍጉትም፤ ኪራዩንም በቀኑ ይሰጡታል። እሱ ባለበት ግን ማንም አይስቅም። ሚስቱም አብራው መሄዷን ተወች።

«ለምን ቀረሽ?» አላት አንድ ቀን።

«እኛ ስንገባ ሰው ወሬውን ያቋርጣል። እኔ ያን ቤት የገዛሁት ሰው እንዲፈራኝ ነው እንዴ?» አለችው።

ወጣቶቹ ሴት ልጅ ወለዱ። አራሷ ጠንከር ስትል ባልየው ብየዳ ቤቱ ድረስ መጥቶ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ወሩ ሲያልቅ ልንለቅ ነው» አለ።

በያጁ የፊት መከላከያውን ቀና አደረገ። «ለምን? ቤቱ ምን ጎደለው?»

«ቤቱስ ምንም አልጎደለውም፤ ጥሩ ቤት ነው። የልጃችን ክርስትና ደረሰ። ቤተሰቦቻችን ከገጠር ይመጣሉ፤ እርስዎ ደግሞ ድግስ አይፈቅዱም። ጠበብ ያለች ቤት አግኝተናል፤ ግን ሰው ማስገባት እንችላለን።» ቆቡን በእጁ እያዞረ፣ «እማማም አብረውን ሊወጡ ነው» አለ። «አንዷን ክፍል ለሳቸው እንሰጣለን።»

ተሰናብቶ ሄደ። በያጁ የጀመረውን መስኮት መጨረስ አቃተው። ሁለቱም በሮች በአንድ ቀን ባዶ ሊሆኑበት ነው። ሊለያያቸው ያጠረው አጥር፣ ተያይዘው እንዲወጡ አደረጋቸው።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ትቆጣኛለች ብሎ ነበር፤ አልተቆጣችም። «የልጃችንን ክርስትና ታስታውሳለህ?» ብቻ አለችው።

ያስታውሳል። ያኔ አከራያቸው ግቢው እንዲረገጥ ስላልፈለገ፣ እንግዶቹ በየተራ እየገቡ ቆመው በልተው ነው የወጡት። አባቱ ስንት መንገድ ተጉዘው መጥተው፣ የሚቀመጡበት ጠፍቶ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እሱም የአከራዩን መስኮት እያየ «ቀስ በሉ፤ ድምፅ አታሰሙ» ሲል ቀኑ መሸበት። በገዛ ልጁ ክርስትና አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀም።

«አባቴ የተቀመጡበት ድንጋይ…» አለ።

«አዎ» አለች ሚስቱ። «እኛ ያኔ ምን ቢሉን ነበር ደስ የሚለን?»

በማግስቱ ጠዋት በያጁ ብረት የሚቆርጥበትን ግራይንደርና ረጅም የመብራት ገመድ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱም ተከተለችው። ወጣቱ ሲያያቸው ሌላ አጥር ሊጨምሩ መስሎት ፊቱን አዞረ። አሮጊቷ ቆሎ እያመሱ ሳለ እጃቸው ቆመ። በያጁ ገመዱን ሰክቶ፣ መነጽሩን አጥልቆ፣ በገዛ እጁ የበየደውን ብረት ከሥሩ ይቆርጠው ጀመር። የእሳቱ ፍንጣሪ በግቢው ላይ ተረጨ። የሰፈሩ ሰው ምን መጣ ብሎ ወጣ። ያ መካሪ ጎረቤትም በውጭው አጥር አናት ብቅ ብሎ፣ «ምን ነካህ ሰውዬ?» አለው።

«የተጣመመ ሥራ ሠርቼ ነበር፤ እያቃናሁት ነው» አለ በያጁ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ላሜራው መሬቱን ሲመታ ድምፁ ሰፈሩን ሞላው። አቧራው ሲበርድ፣ በዚያ በኩል አራሷ ልጇን ታቅፋ ቆማለች፤ በዚህ በኩል አሮጊቷ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ክርስትናው መቼ ነው?» አለ በያጁ።

«እሁድ ነው፣ ጋሼ» አለ ወጣቱ።

«እዚሁ ይሁን። ድንኳኑን እኔ እተክላለሁ።»

አሮጊቷ እልልታውን አቀለጡት። የበያጁ ሚስትም ተቀበለቻቸው።

እስከ እሁድ ድረስ በያጁ የሌላ ሰው ሥራ አልነካም። ከአጥሩ ቋሚዎች የድንኳን ምሰሶ አበጀ። ላሜራውን ቆርጦና አጥፎ ረጅም ገበታ አደረገው። የክርስትናው ዕለት ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ተከፍተው፣ በአንዱ ወጥ ይወጣል፣ በሌላው ሕፃናት ይተኛሉ። ከገጠር የመጡት ሽማግሌዎች ወንበር ወንበር ይዘው ተቀመጡ፤ በያጁ አንድ በአንድ ዞሮ ሳያይ አልተቀመጠም። የክርስትና እናት የሆኑት አሮጊቷ ናቸው። ምርቃት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ «የቤቱ ባለቤት ይመርቅ» አሉ። ንግግር የማያውቅ ሰው ነው። ብድግ ብሎ፣ «እዚህ ቤት የገባ ሁሉ ደስ ብሎት ይውጣ፤ ደስ ብሎትም ይመለስ» አለና ቁጭ አለ። «አሜን» አሉት። ወደ ማታ ላይ እጁን ጎትተው ጭፈራው መካከል አስገቡት። ትከሻው እንዴት እንደሚነቀነቅ ረስቶት ነበር፤ ሆኖም ነቀነቀው። ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ስለ መልቀቅ ያነሳ የለም። ቧንቧው የፈነዳ ጊዜ በያጁ ሳይሰማ ወጣቱ አሠርቶት ጠበቀው። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር አሮጊቷ ገና በመጀመሪያው ዝናብ ላኩበት፤ ግድግዳው ሳይበላሽ ተደፈነ። ሚስማርም መትተዋል፤ ግድግዳው አልወደቀም። ኑሮ ተወዶ ኪራይ መጨመር ግድ ሲሆንበት እየተሳቀቀ ነገራቸው። ወጣቱ፣ «እኛም እናንሳው እያልን ነበር» አለው። ዓይኑ ደክሞ ብየዳውን ሲተው፣ ያቺ ትንሽ ቤት እሱንና ሚስቱን ጦረቻቸው። እሁድ እሁድ ባጃጁ መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ከኮኩ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። በያጁ የሰው ፊት በደንብ አይታየውም። የሚስቀው ማን እንደሆነ ግን በድምፁ ይለያል።

መምህር ይባቤ እዚህ ላይ አበቁና ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«አንቺም ልጄ፣ እንደ በያጁ ነሽ» አሉ። «ሱሪዬን ላሳጥር የመጣሁ ዕለት አይቻለሁ፤ በሁለቱ ሴቶች መካከል መጋረጃ ሰቅለሻል። ወሬ ሥራ ያስፈታል ብለሽ ይሆናል። ወይም ተስማምተው ጥለውኝ ይሄዳሉ ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። በያጁም ያጠረው በዚሁ ፍርሃት ነው። ቁልፉን የተረከበ ቀን ግድግዳና ጣሪያ ነበር ያገኘው፤ ቤት ያገኘው ላሜራውን የጣለ ጠዋት ነው። እነዚያ ሴቶች ስፌት ቤትሽን የኛ ካሉት፣ አንቺ በሌለሽበት ሰዓትም ይጠብቁልሻል። አንቺም እኮ ሰው ቤት ተቀጥረሽ ሰፍተሻል፤ ያኔ ምን ቢሉሽ ደስ ይልሽ እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነገ ስትገቢ ከሁሉ በፊት ያን መጋረጃ አውርጂው። ጨርቁ ሰፊ ነው፤ ለሁለቱም ሽርጥ ይወጣዋል።»